የትልቁ ቀን ጠርሙሶች

እኛ ቤት ሦስት ጠርሙስ ወይን አለ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚተዋወቀው ከእነሱ ጋር ነው፤ ቀጥሎ ከአባቴ፣ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ ከእናቴና ከእኔ። ሳሎን ስትገቡ ፊት ለፊት የመስታወት ቡፌ ታገኛላችሁ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት ገብታ በቀጥታ የምታርፍበት ቦታ ላይ፣ ሦስቱ ተሰልፈው ቆመዋል። እናቴ አስካለ በነጭ ክር ዳንቴል ሠርታ አልብሳቸዋለች። እኔ በልጅነቴ ያን የመሰለ ልብስ አልነበረኝም።

አባቴ ወልደ ሚካኤል የመስኖ ፕሮጀክት ሹፌር ነበር። በቆቦ ሜዳ የውሃ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ጊዜ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ይዞ ከዋጃ እስከ ሮቢት አቧራ ሲያቦን ኖሯል። መሐንዲሱ ሥራው አልቆ ሲሄድ ሦስት ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጠውና "ለትልቅ ቀን ይሁንህ" አለው። "ቀዝቀዝ ያለ ጨለማ ቦታ አስቀምጠው" የሚል ምክርም ጨምሮለት ነበር። አባቴ ይህን ሁለተኛውን ምክር የሚያነሳው ፈረንጅ ምን ያህል ይሉኝታ እንደሌለው ለማስረዳት ብቻ ነው። ሰው አክብሮ የሰጠህን ነገር እንዴት ጨለማ ውስጥ ትወሽቃለህ? እኛ አገር ስጦታ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነው። ስለዚህ ሰውም አየው፣ የቆቦ ፀሐይም አየችው።

እኔ ራሔል የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። "ከሙቀት ይጠበቅ" እያልኩ ለሰው ስናገር ውዬ ቤቴ እገባለሁ፤ ቤቴ ስገባ ወይኑ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ይቀቀላል። አንድ የግንቦት ቀን አላስችል ብሎኝ "አባዬ፣ ቢያንስ ፍሪጅ ውስጥ እናስገባው" አልኩት።

"ከቲማቲም ጋር?" አለኝ። ለወር ያህል አኮረፈኝ።

ዋናው ችግር ግን ትልቁ ቀን አልመጣ ማለቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጥሩ ውጤት አመጣሁ፤ "ገና ዩኒቨርሲቲ አለ" ተባለ። ተመረቅሁ፤ "ሥራ ስትይዝ ይሻላል" ተባለ። ሥራ ያዝኩ፤ ሥራማ ማንም ይይዛል። አንድ የፋሲካ ቀን አባቴ ተነስቶ ወደ ቡፌው ሄደ፤ እጁን ጠርሙሱ አንገት ላይ አሳርፎ ቆየና ዳንቴሉን አስተካክሎ ተመለሰ። እናቴ "ጌታ የተነሣበት ቀን ካልበቃው እንግዲህ ምን ሊበቃው ነው?" አለችው። "ፋሲካ እኮ በየዓመቱ ይመጣል" አላት።

ወይኑም በበኩሉ ዝም ብሎ አልጠበቀም፤ ከዓመት ዓመት ይጎድል ጀመር። ቡሹ ደርቆ ወይኑ በሙቀቱ እየተነነ መሆኑን አስረዳሁ። አባቴ ግን እናቴን በጎን ማየት አበዛ። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ እንኳ ለመቅመስ የምትለመን ሴት ናት። ቢሆንም የቡፌው ቁልፍ ከቡፌው ወደ አባቴ ኪስ ተዛወረ።

እዚህ ላይ ስለ ጎረቤታችን ስለ አያ ሙሀመድሰይድ መናገር አለብኝ። እህል ነጋዴ ነው፤ ከአባቴ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አልተለያዩም፤ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥርና አንድ ነገር ብቻ ነው። አባቴ ትንሽ ሞቅ ሲለው ሁልጊዜ "ይህን ወይን አብሮኝ ሊጠጣ የሚገባው ሰው አንድ ነው፤ እሱም አይጠጣም" ይላል። እውነቱን ነው። በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜ ቤታችንን ዘግተን፣ ቁልፎቹን ለአያ ሙሀመድሰይድ ትተን ስንሸሽ እሱ ቀረ። ስንመለስ ቴሌቪዥኑ የለም፣ ፍራሹ የለም፣ የበሩ ቁልፍ ሳይቀር ተነቅሎ ሄዷል፤ የቀረልን ለመሸከም የከበደው ቡፌ ነው። አያ ሙሀመድሰይድ ግን እጁ ላይ ፌስታል አጥልቆ ከማሽላ ጎታው ውስጥ ሦስቱን ጠርሙስ አንድ በአንድ አወጣቸው። አልኮል በደጁ አልፎ የማያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አስቀምጦታል። "አማና ነው" አለ፣ ሌላ ነገር አልተናገረም። አባቴ ያን ቀን አለቀሰ። ለቴሌቪዥኑ አላለቀሰም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ወይኑ ከጥፋት የተረፈ ወይን ሆነና ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ለእኔ ሠርግ እንደሚከፈትም ታወጀ። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሞኝ ነበርኩ። ምክንያቱም ጥያቄው ሰውየው ለራሔል ይሆናል ወይ መሆኑ ቀርቶ ለወይኑ ይመጥናል ወይ ሆነ። አንድ የቢሮ ኃላፊ ሽማግሌ ላከ፤ አባቴ "ለቢራ ይሆናል" አለ። አንድ መምህር ላከ፤ "ለለስላሳ" አለ። ሠላሳን አለፍኩ። እናቴ ስለ ዕድሜዬ ስታነሳበት "ጥሩ ነገር ሲቆይ ነው የሚጥመው" ይላታል፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ ጠርሙሶቹ አንዳችንም አልጠየቅነውም።

ቢኒያም የመጣው እንግዲህ በዚህ መሀል ነው። የሮቢት ልጅ ነው፤ ቆቦ ከመናኸሪያው ጀርባ የውሃ ፓምፕ መጠገኛ አለው። የተቆረጠ እጁን ይዞ ፋርማሲ መጣ፤ በማግስቱ ያልተቆረጠውን ይዞ መጣ። እወደዋለሁ። ይህን አንዱን ነገር ሳላሽሟጥጥ ነው የምናገረው። አባቴ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ሲነገረው ለረጅም ጊዜ አሰበና "ለውሃ" አለ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው "ተመካክረን እንነግራችኋለን" ተብለው ተመለሱ። አባቴ የተመካከረው ከቡፌው ጋር መሆን አለበት። ለሦስተኛው ጊዜ ሲመጡ የቢኒያም አጎት እሸቴ በእርሻው ምሎ "ከዚህ በኋላ ደጅ አልጠናም" ብሎ ነበር፤ ስለዚህ ያቺ እሑድ ከሰዓት የመጨረሻችን ነበረች። ጡረታ የወጣው የትምህርት ሱፐርቫይዘር ዘካሪያስ ከእሸቴ ጋር መጣ። ሦስተኛው አያ ሙሀመድሰይድ ነበር፤ ቢኒያም ብልህ ነው፣ አባቴ በር ሊዘጋበት የማይችለውን ሰው መረጠ። ቢኒያም ራሱ እንደ ወጉ አልገባም፤ ያመጣቸው ባጃጅ ውስጥ በር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

እኔና እናቴ ጓዳ ነን፤ መሀላችን መጋረጃ ብቻ ነው። ሥጋ ከተሠራ ለአያ ሙሀመድሰይድ ለብቻው ማሳረድ ስለሚያስፈልግ እናቴ ሁሉንም አትክልት በአትክልት አድርጋዋለች። እኔ ቲማቲምና ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ጆሮዬ ሳሎን ነው።

እሸቴ ቆሞ ተናገረ። "ወልደ ሚካኤል፣ ሦስተኛ መምጣታችን ነው። ልጅህን ለልጃችን ስጠን።"

አባቴ አስቀመጣቸውና ወደ ቡፌው ጠቆመ። "ያን ታያላችሁ? ሰውየው ከአገሩ ይዞት የመጣ ነው። ይህን ያህል ዓመት አቆይቼዋለሁ፤ ከዚያ ሁሉ መከራ ተርፏል። እና አሁን ይህን ለፓምፕ ጠጋኝ ልክፈት?"

"ያንተ ፈረንጅ ቆፍሮት የሄደውን ጉድጓድ እኮ ዛሬ ውሃ የሚያስወጣው ይኼው ጠጋኝ ነው" አለ እሸቴ። "እሱ ባይኖር ሮቢት ላይ አንዲት ሽንኩርት አትበቅልም።"

"ውሃ ሌላ፣ ወይን ሌላ።"

እሸቴ ገበሬ ነው፤ ብዙ ይታገሣል፣ ሲያልቅበት ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚያልቅበት። "እንግዲያው ክፈተዋ። የበለጠንን ነገር እንየው። ቀምሰን ልጃችን አይመጥነውም ካልን ተነስተን እንሄዳለን፤ ተመልሰንም አንመጣም።"

ቢላዋዬ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። እናቴ አየችኝ። ፋሲካ ያልበቃውን፣ ምረቃዬ ያልበቃውን ጠርሙስ አንድ የሮቢት ገበሬ በእልህ ሊያስከፍተው ነው፤ እኔም አብሬ ልከፈት ነው። አባቴ ከኪሱ ቁልፉን ሲያወጣ ሰማሁት።

መጀመሪያ ዳንቴሉ በጥንቃቄ ወለቀ። ቀጥሎ መክፈቻ ተፈለገ። ይህን ሁሉ ዘመን ወይን ያስቀመጠው አባቴ መክፈቻ አላስቀመጠም። በቢላዋ ቆፈረው፤ ቡሹ ተፈርፍሮ ግማሹ ቀረ። ዘካሪያስ አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ሳለ ያየው ዘዴ እንዳለ ተናገረ፤ ጠርሙሱ ጫማ ውስጥ ገብቶ ግድግዳ ላይ ይመታል። በራሱ ጫማ ሞከሩት። ግድግዳው ተላጠ፤ ቡሹ ንቅንቅ አላለም። ዘካሪያስ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ቀርቶ ዘዴው የሚሠራው በአዲስ አበባ ግድግዳ መሆኑን አስረዳ።

"ልጁ በር ላይ ነው" አለ አያ ሙሀመድሰይድ ረጋ ብሎ። "የሥራ ዕቃው አብሮት ነው። ምን ትደክማላችሁ?"

አባቴ የተላጠውን ግድግዳ አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና "ይግባ" አለ።

ቢኒያም ሳጥኑን ይዞ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ ሁሉንም ሰላም አለ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየዋለሁ። ረጅም ቪቴ በካቻቢቴ ቡሹ ውስጥ አዙሮ አስገባ፤ በፒንሳ ይዞ ሳበው። ቡሹ ሳያንገራግር ወጣ። ሽታው ወዲያው ጓዳ ደረሰ፤ እናቴ አሸተተችና ወደ ሰላጣው ተመለከተች።

አባቴ ደንብ አክባሪ ነው። "ያሳለፈ ይቅመስ፤ ወጉ ነው" አለ። ጠላም ሆነ ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በእጁ መዳፍ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ለእኔ ግን የአባቴ ዓይን ውስጥ ሌላ ነገር ታየኝ፤ የሚቀርበትን ነገር ቀምሶ እንዲሄድ የፈለገ ይመስላል።

ቢኒያም መዳፉ ላይ አፍስሶ ቀመሰ። ዋጠው። ዓይኑን ወደ መጋረጃው አነሳ። እኔ በልቤ ዋሽ እለዋለሁ። አንድ ጊዜ ዋሽ፣ ግሩም ነው በል፣ ምን ይጎልብሃል? አባቴ ደስ ይለዋል፣ እኔም ወደ ቤትህ እመጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክህን እውነት ትናገራለህ።

"ይቅርታ አባባ" አለ ቢኒያም። "አቼቶ ሆኗል።"

"አንተ ስለ ወይን ምን ታውቃለህ?" አለ አባቴና ጠርሙሱን ነጥቆት ለዘካሪያስና ለእሸቴ ቀዳላቸው። ቡሽ የተንሳፈፈበት ብርጭቆ በክብር ቀረበ።

ዘካሪያስ ተጎነጨ። ለአፍታ ትንፋሽ ያጠረው መሰለኝ። "የቆየ ወይን" አለ በመጨረሻ፣ "የቆየ ወይን እንግዲህ እንዲህ... ጠንከር ይላል። ደረጃ አለው።" እሸቴ ብርጭቆውን ይዞ የእህቱን ልጅ አየ፣ አባቴን አየ። ይህ ሰው ከሮቢት ድረስ የመጣው ስለ ቢኒያም ሊመሰክር ነው። ነገር ግን ሰው ቤት ተቀምጦ የሰው ግብዣ ኮመጠጠ እንዲል እናቱ አላሳደገችውም። ጨለጠውና "ጥሩ ነው፤ ያነቃቃል" አለ። ይሉኝታ ጆሮውን ይዞ ሲጎትተው አየሁ።

አባቴም ለራሱ ቀዳ። ጠጣ። ዓይኖቹ እንባ ሞሉ፤ ግንባሩ ላይ አንድ ሥር ተነስቶ ወረደ። "ግሩም" አለ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እንግዲህ ሰማችሁ። ሦስት ሰው ግሩም ነው ያለውን ይህ ልጅ አቼቶ ነው አለ። ጥሩውን ከመጥፎው የማይለይ ሰው ልጄን አይወስድም። ደግሞ ቃል ገብታችኋል።"

ቢኒያም ፒንሳውን ወደ ሳጥኑ መለሰ። እሸቴ አንገቱን ደፋ፤ ምን ይበል፣ ራሱ ነው ጥሩ ነው ያለው። እኔ ተናደድኩ፤ እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች ክብር ለክብር ተጠባብቀው አቼቶ እየጠጡ እኔን ይቀብሩኛል። መጋረጃውን ገልጬ ልወጣ ስል እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። "ቆዪ" አለች፣ "ሙሀመድሰይድ ገና አልተናገረም።"

የአያ ሙሀመድሰይድ ሚሪንዳ ፊቱ ቆሟል። ገፋ አደረገውና ባዶ ብርጭቆ አነሳ። "ለእኔስ አትቀዳልኝም ወይ ወልዴ?"

አባቴ ጠርሙሱን ወደ ራሱ ሳበ። "አንተ ደግሞ... ምን ነካህ ሰይዴ?"

"አብሽር፣ አላበድኩም። ያኔ ጎታ ውስጥ ስደብቀው ነገሩ ከንክኖኝ ሼኻችንን ጠይቄያቸው ነበር። ወይን ሆኖ ሳለ ሀራም ነው፤ በራሱ ጊዜ ወደ አቼቶ ከተለወጠ ግን ሀላል ነው አሉኝ።" ብርጭቆውን አባቴ ፊት አስቀመጠው። "ወይን ከሆነ እስከ ዛሬ እንዳልነካሁት አልነካውም፤ ሚሪንዳዬን ጨርሼ ሽማግሌዎቹን ይዤ እወጣለሁ። አቼቶ ከሆነ ግን ከአንተ ጋር እጠጣለሁ። ዘካሪያስን አልጠይቅም፣ እሸቴንም አልጠይቅም፣ ልጁንም አልጠይቅም። ቤቱ ያንተ ነው፣ ቃሉም ያንተ። አንተ ያልከኝን አምናለሁ። ምንድን ነው?"

አባቴ ጠርሙሱን አየ። ወይን ነው ቢል ማንም አይከራከረውም፤ ሁለት ምስክር አለው። ወይን ነው ቢል ትልቁ ቀን ትልቅ እንደሆነ ይቀራል፣ እኔም ቡፌው ሥር እቀራለሁ፣ አብሮት ሊጠጣ የሚገባው አንድ ሰው ደግሞ እንደ ወትሮው ሚሪንዳውን ይዞ ይቀመጣል። በመጋረጃው ቀዳዳ የማየው ጀርባውን ብቻ ነው። ትከሻው ቀስ ብሎ ሲወርድ ታየኝ።

"ጠጣ" አለ። ጠርሙሱን አንስቶ ቀዳለት። "ጠጣ ሰይዴ። አቼቶ ነው።"

አያ ሙሀመድሰይድ "ቢስሚላህ" ብሎ ተጎነጨ። ፊቱ ተጨማዶ ጢሙ ተነሳ። "ያረቢ" አለ ትንፋሹ ሲመለስ፤ "ይህን ነው ስታስጎመጀኝ የኖርከው?" መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። ቀጥሎ እሸቴ ከሆዱ ሳቀና ብርጭቆውን አራቀ። ዘካሪያስም ደረጃው ዝቅ ያለ አቼቶ መሆኑን ከመጀመሪያውም እንደጠረጠረ አሳወቀ።

አባቴ ተነስቶ ሁለተኛውን ጠርሙስ አወረደ፤ ዳንቴሉን ሳያወልቅ ለቢኒያም ሰጠው። "ክፈተው።" ቢኒያም ከፈተው። "ቅመስ።" ቀመሰ።

"ይኼም ያው ነው አባባ።"

አባቴ እጁን ወደ ብርጭቆው ዘረጋ። ሊቀምስ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ያህል ዘመን የጠበቀው ነገር ነውና ራሱ ቢያረጋግጥ አልፈርድበትም። እጁ ግን መንገድ ላይ ቆመና ተመለሰ። "አንተ ካልክ ያው ነው" አለ።

ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ወደ ጓዳ ተጣራ። "አስካለ፣ ያን ቲማቲም አምጪው።"

እናቴ ትሪውን ይዛ ወጣች። አባቴ በገዛ እጁ ወይኑን ሰላጣው ላይ አፈሰሰው፤ መጀመሪያ በአያ ሙሀመድሰይድ በኩል፣ ቀጥሎ በራሱ በኩል። ከአንድ ጠርሙስ አብረው ሲቀምሱ ያ ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። ቢኒያም ሳጥኑን አንስቶ ወደ በሩ ሊያፈገፍግ ሲል አባቴ አየው።

"ወዴት ነው?" አለው፣ አሁንም እንደ ተቆጣ ነው። "እጅህን ታጠብና ቁጭ በል። ራሔል፣ ለባልሽ ወንበር አምጪለት።"